«የት ነው ያስቀመጥከው?»

ሰኔ ሲገባ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ዙሪያ ያሉ የኮፒና የህትመት ቤቶች ከጠዋት እስከ ማታ ሰው አይለያቸውም። ጽሑፉን የሚያሳትም፣ የሚያስጠርዝ፣ የገጽ ቁጥር የሚያስተካክል ተመራቂ ፍላሹን ይዞ ተራውን ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ፍላሹን ትሰካና «የት ነው ያስቀመጥከው?» ትላለች።

«ቲሲስ ፋይናል የሚለው ነው፣ እህቴ። ከላይ ያለው።»

ሁለቴ ክሊክ ታደርገዋለች። አይከፈትም። ኮምፒውተሩ የተጠቆመው ፋይል ተነሥቷል ወይም ቦታ ቀይሯል ይላል። ተማሪው ግራ ይጋባል፤ ትናንት ማታ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ከዚሁ ፍላሽ ከፍቶ አይቶታል። ልጅቷ እንዲህ ያለውን ብዙ አይታለች። በፋይሉ ምስል ግርጌ ያለችውን ትንሽ ቀስት ታሳየዋለች። «ይኸ ሾርትከት ነው ወንድሜ። ፋይሉ ቤት ቀርቷል።»

ፍላሹ ላይ ያለው ጽሑፉ ሳይሆን የጽሑፉ አድራሻ ነው፤ ክብደቱም ጥቂት ኪሎባይት ብቻ። አድራሻው «በዚህ ዲስክ፣ በዚህ ተጠቃሚ ስም፣ ዴስክቶፕ ላይ» ይላል። ቤት ባለው ላፕቶፕ ላይ ያ ተጠቃሚም ያ ዴስክቶፕም አሉ፤ ስለዚህ ሾርትከቱ ከፍላሽ ሲነካም ይከፈታል፣ ተማሪውም ፋይሉን ይዞ የወጣ ይመስለዋል። ህትመት ቤቱ ውስጥ ግን እነዚያ የሉም። በዚህ ላይ በሀገራችን ፍላሾች ለዓመታት የተዛመተውን የሾርትከት ቫይረስ ጨምሩበት፤ እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት ይደረድራል። የህትመት ቤት ሠራተኞች ከማንም ቀድመው ቀስቷን መፈለግ የለመዱት ያለምክንያት አይደለም።

ይህች ልጅ በአንድ ጥያቄና በአንድ እይታ የምትሠራውን ሥራ ብዙ ፕሮግራሞች አይሠሩትም። ፋይል የት እንዳለ ይጠይቃሉ፣ የተሰጣቸውን መልስ እንዳለ ይቀበላሉ፣ መልሱ ካልሆነላቸው ደግሞ ተጠቃሚው ሊያነበው በማይችል የስህተት ክምር ይሞታሉ። በጎንደርም ሆነ በሌላው የሀገራችን ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም መጻፍ የሚማር ወጣት ስሙን ጠይቆ ሰላም የሚል ፕሮግራም ከጻፈ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የሚጽፈው ፋይል የሚጠይቅ ፕሮግራም ነው፦ ጥቁር ተርሚናል፣ አንድ መስመር ጥያቄ፣ ብልጭ ድርግም የምትል ምልክት። ይህ ትንሽ ሥራ ከሚሰጠው ትኩረት እጅግ የሚበልጥ እንደሚገባው አምናለሁ፤ ምክንያቱም ፕሮግራሙ የሚገናኘው ከሰው ጋር፣ ያውም ከእኛ ሰው ጋር የሚሆነው እዚህች መስመር ላይ ነው።

የኮምፒውተር ሰዎች ፓዝ የሚሉት የፋይል አድራሻ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከሥር ይጀምራል፤ በሊኑክስ ከ«/»፣ በዊንዶውስ ከዲስኩ መለያ ፊደል። ሁለተኛው ፕሮግራሙ አሁን ከቆመበት ፎልደር ይነሣል። ጎንደር ላይ ቤት ሲጠቁሙን «ከግቢው በር ወረድ ብለህ ከፋርማሲው ቀጥሎ» ይሉናል፤ ይህ በሩ ላይ ለቆመ ሰው ይሠራል። ፒያሳ የቆመ ሰው ያንኑ ጥቆማ ቢከተል ምናልባት ሌላ በርና ሌላ ፋርማሲ ያገኛል። የሁለተኛው ዓይነት አድራሻ አደጋም ይኸው ነው፤ ፋይል ሲታጣ ችግሩ ይታያል፣ ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ ፋይል ሲገኝ ግን ማንም ሳያውቅ የአምናው መረጃ እንደ ዘንድሮ ይተነተናል። ስለዚህ አስተዋይ ፕሮግራም የተሰጠውን አድራሻ ወደ ሙሉ አድራሻ ቀይሮ፣ ከመሥራቱ በፊት «ይህን ፋይል ልከፍት ነው» ብሎ ከነመጨረሻ የተቀየረበት ቀን ያሳያል።

በሊኑክስና በዊንዶውስ መካከል ያለው የ«/» እና የ«\» ልዩነትም መነሻ አለው። የማይክሮሶፍት ዶስ ፎልደር በፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1983 በሁለተኛው እትሙ ነው። ያን ጊዜ «/» የትእዛዝ አማራጮችን ለማመልከት ተይዞ ስለነበር የተገለበጠው ተመረጠ። እስከ ዛሬ በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ተማሪ ይህን ውርስ ይከፍላል። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ያለው ፓዝሊብ የተባለው መሣሪያ በዊንዶውስ ላይ ሁለቱንም ይቀበላል፤ ተጠቃሚውን በዚህ ማስጨነቅ አያስፈልግም።

እንግዲህ ፕሮግራሙ «የፋይሉን አድራሻ ያስገቡ» አለ እንበል። በፓይተን ኢንፑት በሚባለው፣ በሊኑክስ ተርሚናል በባሽ ደግሞ ሪድ በሚባለው ትእዛዝ። ሰው በእውነት ምን ይጽፋል?

አንዱ ከዊንዶውስ አድራሻውን ኮፒ አድርጎ ይለጥፋል። ዊንዶውስ አድራሻውን በትምህርተ ጥቅስ ከቦ ነው የሚሰጠው፤ ፕሮግራሙ ጥቅሱን የስሙ አካል አድርጎ ይፈልጋል፣ አያገኝም። ሌላው ፋይሉን ጎትቶ ተርሚናሉ ላይ ይጥላል፤ በማክ ላይ በስሙ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ፊት «\» ይገባበታል። ሦስተኛው ከቴሌግራም የተላከለትን አድራሻ ሲለጥፍ ከመጨረሻው ፊደል በኋላ የማትታይ ክፍት ቦታ አብራ ትመጣለች። አራተኛው በተርሚናል የለመደውን «~» ይጽፋል። ይህችን ምልክት ወደ መነሻ ፎልደር የሚቀይራት ትእዛዝ ተቀባዩ ሼል ነው፤ በፕሮግራም ጥያቄ ውስጥ ሼል የለም፣ ስለዚህ ፕሮግራሙ ራሱ ካልተረጎማት «~» የሚባል ፎልደር ይፈልጋል። የሚጽፍ ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ በዚህ ስም ፎልደር ይፈጥራል። በኋላ አንድ ሰው ያን እንግዳ ፎልደር ላጥፋው ብሎ ስሙን በተርሚናል ሲጽፍ ሼሉ ምልክቷን ይተረጉምና የሚጠፋው የሰውየው መላ የግል ሰነድ ይሆናል።

አምስተኛው ምንም ሳይጽፍ ኢንተር ይጫናል። ፓዝሊብ ባዶ ጽሑፍ ሲሰጠው «አሁን ያለሁበት ፎልደር» ብሎ ነው የሚወስደው፤ «አለ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅም «አዎ አለ» ይላል። ስለዚህ መኖሩን ብቻ የሚያይ ፕሮግራም ባዶውን መልስ ልክ ነው ብሎ ያሳልፋል። መጠየቅ ያለበት «አለ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ፋይል ነው ወይስ ፎልደር?»፣ «ለማንበብ ፈቃድ አለኝ ወይ?» የሚለውም ጭምር ነው።

ባዶ አድራሻ ምን ያህል እንደሚጎዳ ዓለም ያየው እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ነው። ስቲም የተባለው የጨዋታ ፕሮግራም የሊኑክስ እትም የተጫነበትን ፎልደር አድራሻ ፈልጎ በአንድ ተለዋዋጭ ውስጥ የሚያስቀምጥ፣ በኋላም በዚያ ስር ያለውን ሁሉ የሚያጠፋ ስክሪፕት ነበረው። የሚያጠፋው መስመር የተለዋዋጩን ዋጋ ወስዶ «/» ይጨምርበታል። አድራሻው ሳይገኝ ቀርቶ ተለዋዋጩ ባዶ ሲሆን የቀረው «/» ብቻ ሆነ፤ ማለትም የመላው ኮምፒውተር ሥር። የተጠቃሚው ሰነዶች፣ ተሰክቶ የነበረው የመጠባበቂያ ዲስክ ሳይቀር ጠፋ። ከመስመሩ በላይ ጸሐፊው «ያስፈራል» የሚል ማስታወሻ ትቶ ነበር። ፍርሃቱ ትክክል ነበር፤ የጎደለው «አድራሻው ባዶ ከሆነ አቁም» የሚል አንድ መስመር ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2011 ባምብልቢ የተባለ የሊኑክስ ፕሮግራም የመጫኛ ስክሪፕት ውስጥ በአንድ አድራሻ መካከል በስህተት የገባች አንዲት ክፍት ቦታ አድራሻውን ለሁለት ከፍላ፣ የሥርዓቱ ፕሮግራሞች የሚኖሩበትን ትልቅ ፎልደር አስጠፍታለች። በባሽ አድራሻ የያዘን ተለዋዋጭ ሁልጊዜ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጉ የሚባለውም ክፍት ቦታ አድራሻን እንዲህ ለሁለት እንዳይከፍል ነው።

ጎንደር እና ጐንደር

እስካሁን ያልኩት በየትኛውም ሀገር ያለ ፕሮግራመር የሚገጥመው ነው። ከዚህ በታች ያለው ግን የእኛ ነው፤ በውጭ መጻሕፍትም ብዙም አይገኝም።

ከተማችን ጎንደርም ጐንደርም ተብላ ትጻፋለች። አንባቢ ሁለቱንም ሲያይ አንድ ከተማ ያነባል። ለኮምፒውተር ግን የመጀመሪያው ፊደል ቁጥር 4878፣ የሁለተኛው 4880 ነው። ፎልደሩን አንዱ ሠራተኛ በ«ጎ» ከፍቶት ሌላው በ«ጐ» ቢጽፈው ፕሮግራሙ «የለም» ይላል፤ ሰውየውም ስክሪኑ ላይ ፎልደሩን እያየ ነው። የ«ሀ»፣ የ«ሐ» እና የ«ኀ» ነገርም እንዲሁ ነው፦ 4608፣ 4624፣ 4736። «ሠ» እና «ሰ»፣ «ዐ» እና «አ»፣ «ፀ» እና «ጸ» ተጨምረው «ሐኪም»፣ «ዓመት»፣ «ፀሐይ» የሚሉት ስሞች እንደ ጸሐፊው ልማድ ይለዋወጣሉ። «ው» እና «ዉ»ም እጅግ ይቀላቀላሉ።

አንዳንድ ፕሮግራመሮች መፍትሔው ሁሉንም በዝምታ ወደ አንድ ፊደል መለወጥ ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። «ሠርግ» እና «ሰርግ» የሚባሉ ሁለት ፎልደሮች ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ፤ በዝምታ የሚመርጥ ፕሮግራም የተሳሳተውን ይከፍታል። የሚሻለው የፋይል ስሞችን ሳይነኩ፣ ለማነጻጸር ብቻ ፊደሎቹን አንድ አድርጎ በፎልደሩ ካሉት ስሞች ጋር ማስተያየትና መጠየቅ ነው፦ «‹ጐንደር› የሚባል ፎልደር አላገኘሁም። ‹ጎንደር› የሚባል አለ። እሱን ነው?» ይህ በፓይተን ሃያ መስመር የማይሞላ ሥራ ነው። ፊደላችን በአንድ ነገር ዕድለኛ ነው፤ እንደ ፈረንሳይኛ ያሉ ቋንቋዎች አናቱ ላይ ምልክት ያለበትን ፊደል በሁለት መንገድ ሊያስቀምጡት ይችላሉ፣ አንዴ እንደ አንድ ፊደል አንዴ እንደ ፊደልና ምልክት፣ በዚህም ከማክ ወደ ሊኑክስ ሲሻገሩ ፋይል ይጠፋባቸዋል። የእኛ ፊደላት ከነቅርጻቸው በአንድ ቁጥር ስለሚቀመጡ ይህ መከራ አይነካቸውም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን «/» ነው። አማርኛ በዚህ ምልክት ያሳጥራል፦ ት/ቤት፣ ጽ/ቤት፣ መ/ቤት፣ ወ/ሮ፣ ዶ/ር። ኮምፒውተር ደግሞ በዚህችው ምልክት ፎልደርን ከፎልደር ይለያል። በዊንዶውስም በሊኑክስም «የት/ቤት ዝርዝር» የሚል ስም ለፋይል መስጠት አይቻልም፤ ስለዚህ ሰው ፋይሉን ሲያስቀምጥ ምልክቷን ይተዋታል ወይም በሰረዝ ይተካታል፣ ሲጠየቅ ግን በአእምሮው ያለውን «/» ይጽፋል። ፕሮግራሙ ያን ጊዜ «የት» የሚባል ፎልደር ፍለጋ ይገባል። ቀን የሚጨመርበት ፋይልም እንዲሁ ነው፤ «ሪፖርት 12/3/2016» ሦስት ደረጃ ያለው አድራሻ ሆኖ ይነበባል።

በዚህ ጊዜ «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል መልስ ዋጋ የለውም። ፕሮግራሙ አድራሻውን ከግራ ወደ ቀኝ ደረጃ በደረጃ እየተራመደ የት እንደተሰበረ መናገር ይችላል፦ «‹ሰነድ› ፎልደር አለ፤ በውስጡ ግን ‹የት› የሚባል ፎልደር የለም። ምናልባት ‹ት/ቤት› ብለው ጽፈው ከሆነ፣ በፋይል ስም ውስጥ ‹/› አይገባም።» ይህን የሚጽፈው አማርኛ የሚያውቅ ፕሮግራመር ብቻ ነው፤ ሌላ ማንም ሊያስበው አይችልም። በሌላ በኩል ሁለት ነጥባችን «፡» በዊንዶውስ ከተከለከለው የላቲኑ ሁለት ነጥብ የተለየ ቁጥር ስላለው በፋይል ስም ያለችግር ይገባል። አምሳያውን አይቶ የሚከለክል ፕሮግራም ከጻፋችሁ ትክክለኛ ስም ትመልሳላችሁ።

ርዝመትም አለ። ብዙ የሊኑክስ ሰርቨሮች የሚጠቀሙበት ኢኤክስቲ4 የተባለው የፋይል ሥርዓት ለአንድ ስም የሚሰጠው 255 ባይት ነው። ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ አንድ የአማርኛ ስም ከ85 ፊደል አይበልጥም። ዊንዶውስ በሌላ መንገድ ስለሚቆጥር እስከ 255 ፊደል ይፈቅዳል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕሶቻችንን ርዝመት የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ይገምታል፦ ሙሉ ርዕሱ ስም የሆነለት ፋይል በላፕቶፑ ላይ ደህና ይቀመጣል፣ ወደ ሰርቨር ሲሻገር ግን ይመለሳል። ፕሮግራሙ ስሙን ሲቀበል ባይቱን ቢቆጥር ይህ ቀድሞ ይታወቃል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፣ ብዙ የፓይተን መምህራን ስለማያነሡት። ተማሪ ከምርጫ ዝርዝር ቁጥር ሲቀበል «ኢዝዲጂት» በሚባለው ትእዛዝ ቁጥር መሆኑን አረጋግጦ «ኢንት» በሚባለው ይለውጠዋል። ተጠቃሚው «፩» ብሎ ቢጽፍ የመጀመሪያው «አዎ፣ ቁጥር ነው» ይላል፤ ሁለተኛው ግን አልለውጥም ብሎ ፕሮግራሙን ይጥለዋል። የግእዝ አኃዞች ዜሮ የሌላቸውና በቦታ ዋጋ የማይሠሩ ስለሆኑ ለፊደላት ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ከአስርዮሽ አኃዞች አልመደባቸውም። «ኢዝዴሲማል» የሚባለው ትእዛዝ ይህን በትክክል ይለያል። ከዚያም የሚሻለው ከ«፩» እስከ «፱» ያሉትን ራስ ተርጉሞ መቀበል ነው፤ ሰውየው የጻፈው ስህተት አይደለምና።

ፋይሉ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ውስጡ አለ። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት በ1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብ እና ይትና ፍርድይወቅ አማርኛን በላቲን ፊደላት በወጥ ሥርዓት የሚጽፉበት ዘዴ አዘጋጅተው ነበር፤ በሀገር ውስጥ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ እንደ ፓወር ግእዝ እና ቪዥዋል ግእዝ ያሉ ፕሮግራሞች ነገሡ። በእነዚህ የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች በስክሪን ላይ ፊደላችንን ቢያሳዩም ውስጣቸው የላቲን ኮድ ነው፤ ፎንቱ ሲነሣ ትርጉም የለሽ ክምር ይሆናሉ። አማርኛ የሚጠብቅ ፕሮግራም ከፍቶ አንድም የግእዝ ፊደል ካላገኘ ይህን ጠርጥሮ መናገር አለበት። ተቃራኒውም አለ፤ በዊንዶውስ ላይ ፓይተን ፋይል ሲከፍት ዩቲኤፍ-8 ካልተባለ በቆየ የላቲን ሥርዓት ሊያነበው ይሞክራል። የዋናዎቹ ፊደሎቻችን የመጀመሪያ ባይት ሁልጊዜ 225 ስለሆነ ውጤቱ በአንድ ዓይነት ምልክት የሚጀምር የተዘባረቀ ጽሑፍ ወይም መውደቅ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 የወጣው ፓይተን 3.6 የዊንዶውስን ተርሚናል ወደ ዩኒኮድ በማሻገር ጥያቄና መልሱን አቃልሏል፤ የፋይሉን ውስጥ ግን አሁንም ፕሮግራመሩ ራሱ መናገር አለበት።

የጥቅምት 30 ጉዳይ

ከጎንደር በስተሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አምባጊዮርጊስን አልፎ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ዳባት አለች። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እዚህ ደጋ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ያካሂዳል። ከተመረጡ ቀበሌዎች ልደት፣ ሞት፣ ጋብቻ፣ ፍልሰት ቤት ለቤት ይመዘገባል፤ ሞት ሲያጋጥም ምክንያቱን ለመለየት ቤተሰብ ይጠየቃል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ሲቋቋም ዓላማው የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ለገጠሩ ማፍራት ነበርና፣ የዳባት ሥራ የዚያ ውርስ ነው።

እንዲህ ዓይነት መረጃ ከዓመት ዓመት ተያይዞ የሚነበብ ነው። ዘንድሮ የተወለደ ልጅ ከአምናው መዝገብ ካለች እናት ጋር መገናኘት አለበት፤ የቤተሰቡ መለያ ቁጥር አንድ አኃዝ ቢሳት ልጁ ከሌላ ቤት ይገባል። ስለዚህ የመስክ መረጃ ሲገባ ይፈተሻል፦ ልጅ ከእናቱ ሞት በኋላ ሊወለድ አይችልም፣ የሞተ ሰው ሊያገባ አይችልም፣ የቀበሌው ቁጥር ከዝርዝሩ ውጭ ሊሆን አይችልም። ፈተናው በቦታው፣ ተጠያቂው ፊት ለፊት ባለበት ጊዜ ሲሆን እርማቱ አንድ ጥያቄ ይፈጃል። ከወራት በኋላ ቢሮ ውስጥ ከተገኘ ደግሞ ያን መንገድና ያን ዳገት እንደገና መሄድ ይጠይቃል።

ፈተናውን የጻፈው ሰው ግን የዘመን አቆጣጠራችንን ካላወቀ እውነቱን መልሶ ሐሰቱን ያስገባል። አንዲት እናት ልጇ ጥቅምት 30 ተወለደ ብትልና መዝጋቢው ቀን 30፣ ወር 2 ብሎ ቢያስገባ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠራው ፈታሽ የካቲታቸው 30 ቀን የለውም ብሎ ይመልሰዋል። ጳጉሜን ጭራሽ አያውቃትም፤ 13ኛ ወር የለም። በአንጻሩ መስከረም 31 የሚል ስህተት ቢገባ ጥር ወራቸው 31 ቀን ስላለው ደህና ነው ብሎ ያሳልፋል። የተመለሰበት መዝጋቢ ሥራውን መጨረስ አለበትና 30ውን 28 ያደርገዋል። ከዚያ ወዲያ በመዝገቡ ላይ ያለው ቀን ሥርዓት የተቀበለው እንጂ እናቲቱ የተናገረችው አይደለም። ጥብቅ ፈተና መረጃን ሊያበላሽ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው፣ ለዚህም ነው ስለ ፈተና ጥብቅነት ብቻ የሚያወራ መመሪያ የማያረካኝ።

ትክክለኛው ሕግ ቀላል ነው። ከመስከረም እስከ ነሐሴ እያንዳንዱ ወር 30 ቀን ነው፤ ጳጉሜ 5፣ ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ደግሞ 6። ለምሳሌ 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበርና ጳጉሜ 6 ነበረው። በሀገራችን የጤና ሥርዓት የገባው ዲኤችአይኤስ2 የተባለው የመረጃ ፕሮግራም የኢትዮጵያን አቆጣጠር እንዲያውቅ ተደርጎ መሠራቱ ትልቅ እፎይታ ነው። በየጥናቱ የሚጻፉት ትንንሽ ስክሪፕቶች ግን ብዙ ጊዜ ከእንግሊዝኛ መማሪያ እንዳለ የተወሰዱ ናቸው።

ፋይሉ ትክክል፣ ቀኑ ትክክል ሆኖ መረጃው ግን ጎዶሎ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጸው በእንግሊዝ 15,841 የኮሮና ታማሚዎች ከዕለታዊው ሪፖርት ሳይገቡ ቀሩ፤ መረጃው የተጫነበት የቆየ የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ ስለማይዝ ትርፉ በዝምታ ተቆርጦ ነበር። ንክኪ የነበራቸው ሰዎችም በጊዜው አልተነገራቸውም። ከመነሻው ፋይል ስንት ረድፍ ወጣ፣ ወደ መድረሻው ስንት ገባ ብሎ ሁለቱን ቁጥሮች የሚያስተያይ አንድ መስመር ይህን ይይዘው ነበር። ፋይል የሚቀበል ማንኛውም ፕሮግራም «4,212 ረድፍ አነበብኩ» ዓይነት ቃል ይናገር የምለው ለዚህ ነው፤ መረጃውን የሚያውቅ ሰው ቁጥሩን ሲያይ ይደነግጣል ወይም ያልፋል።

መጠየቅ ራሱ የማያስፈልግበት ጊዜም አለ። ሌሊት በሰርቨር ላይ በቀጠሮ የሚነሣ ስክሪፕት ጥያቄ ቢጠይቅ የሚመልስለት ሰው የለም፤ ወይ እስከ ንጋት ቆሞ ይጠብቃል ወይ ባዶ መልስ ወስዶ ይቀጥላል። ስለዚህ አድራሻው ከትእዛዙ ጋር አብሮ ቢሰጥ ይመረጣል፤ ካልተሰጠና ፊት ለፊት ተርሚናል ካለ ይጠይቅ፣ ተርሚናል ከሌለ ደግሞ የጎደለውን ተናግሮ በስህተት ምልክት ይውጣ። ፕሮግራሙ ከሰው ጋር መሆን አለመሆኑን የሚያውቅበት ትእዛዝ በፓይተንም በባሽም አለ።

በማረጋገጥና በመክፈት መካከልም ጊዜ አለ። «አለ» ከተባለ በኋላ ፍላሹ ሊነቀል፣ ፋይሉ ሊነሣ ይችላል። ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮች ቀድመው ያረጋግጣሉ፣ ግን በማረጋገጫው አይተማመኑም፤ ለመክፈት ይሞክራሉ፣ ሲያቅታቸው ምክንያቱን ለይተው ይናገራሉ። ፋይሉ የለም፣ ፈቃድ የለኝም፣ ይህ ፎልደር ነው፣ ይህ ዩቲኤፍ-8 አይደለም፤ አራቱም የተለያየ መልስ አላቸው። ሲጽፉ ደግሞ መብራትን ያስቡ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የቆየውን ፋይል እየፋቀ በላዩ የሚጽፍ ፕሮግራም መሃል ላይ ሲቋረጥ አሮጌውም አዲሱም የለም። በጎን በጊዜያዊ ስም ጽፎ ጨርሶ፣ በመጨረሻ ስሙን መለወጥ ይህን ያስቀራል፤ ስም መለወጡ በአንድ ዲስክ ላይ አንድ እርምጃ ስለሆነ በግማሽ አይቆምም። በነበረ ፋይል ላይ ከመጻፉ በፊት መጠየቁም የግድ ነው፤ ኢንተር ብቻ ሲጫኑ የሚወሰደው መልስ «አይ» ይሁን።

የተጠቃሚው ክብርም የሥራው አካል ነው። በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሃያ መስመር የሚወርድ የስህተት ዝርዝር ለጻፈው ሰው ይጠቅማል፣ ለተጠቃሚው ግን «አንተ አጠፋህ» ከማለት አይለይም። የጠየቀው በአማርኛ ከሆነ በአማርኛ ይመልስ፤ የተቀበለውን ቃል መልሶ ያሳይ፣ የት እንደተሰናከለ ይናገር፣ ቀጥሎ ምን ማድረግ እንደሚቻል ይጠቁም፣ መውጫውንም ያሳውቅ። «ያስገቡት፦ /ሰነድ/ዳባት/ቤተሰብ። ይህ ፎልደር ነው፤ የሚያስፈልገኝ በውስጡ ካሉት ፋይሎች አንዱ ነው። ሦስት ፋይሎች አሉ። ቁጥር ይምረጡ፣ ወይም ለመውጣት 0 ይጻፉ።» ሰው ሦስት ጊዜ ከተሳሳተም በዚያው ክብ ውስጥ አታስሩት።

የፕሮግራሚንግ መምህራን ተማሪን ሲፈትኑ «ዳታ» የሚል አጭር የላቲን ስም ያለው፣ በተስተካከለ ቦታ የተቀመጠ አንድ ፋይል መስጠት የተለመደ ነው። በምትኩ አንድ የፈተና ፎልደር ቢዘጋጅ እላለሁ። ውስጡ «ጎንደር» እና «ጐንደር» የሚባሉ ሁለት ፎልደሮች ይኑሩት፤ በስሙ መካከል ሁለት ክፍት ቦታ ያለው ፋይል፣ በሰረዝ የሚጀምር ስም፣ 85 ፊደል የሞላ ርዕስ፣ ባዶ ፋይል፣ ለማንበብ የማይፈቀድ ፋይል፣ በፓወር ግእዝ የተጻፈ የድሮ ደብዳቤ፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 እና ጳጉሜ 6 ቀን 2016 ጎን ለጎን የተመዘገቡበት ሠንጠረዥ። ከሁለቱ ቀኖች አንዱ ብቻ ነው ትክክል፤ ፕሮግራሙም የትኛው እንደሆነ ለይቶ፣ ለምን እንደሆነም በአማርኛ ይናገር። ከውጤቱ ግማሹ ለዚህ መልስ ቢሰጥ ደስ ይለኛል።